የአታላዩ ሳር እንቅልፍ

ማይቴ ኡሪቤ «ከባል በግ ይሻለኛል» ብላ ሳታገባ የኖረች፣ በአሜሪካ፣ በአይዳሆ ግዛት ደረቅ ሜዳ ላይ ከወንድሟ ከሻቢየር ጋር የአባታቸውን በጎች የምታረባ ሴት ነበረች። አንድ በጋ ሰደድ እሳት ግጦሹን ጠራርጎ በላው። በዓመቱ የበቀለው ነባሩ ሳር ሳይሆን አገሬው «አታላዩ ሳር» የሚለው መጤ አረም ሆነ። በረዶው እንደቀለጠ ለምልሞ በጎቹን ያማልላል፤ የዚያ አገር በጋ የሚገባበት ሰኔ ሳይጋመስ ደርቆ አፋቸውን ይወጋል፤ ለቀጣዩ እሳትም ማገዶ ይሆናል። ሁለት ጊዜ የነባሩን ሳር ዘር ቢዘሩ፣ ሁለቴም አረሙ ቀድሞ በቅሎ አነቀባቸው።

ማይቴ የአረሙን ጠባይ ልታጠና በሰኔ ከፍሬው ዘገነችና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ አኖረችው። የበቀለ የለም።

«ሞቷል፤ እንግዲህ እልል በይ!» አላት ሻቢየር።

«ምኑ ሞተ? ተኝቶ ነው እንጂ።»

«ወይ እህቴ! ሰው በግ ያረባል፣ አንቺ አረም!»

የቀረውን ፍሬ በከረጢት አድርጋ፣ እንደ እሳት በሚፋጀው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ በጋውን ሙሉ አቆየችው። አየሩ መብረድ ሲጀምር ከዚያው ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና ቀዝቃዛው ምድር ቤት አስቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ጨርቁ በነጫጭ ሥር ተሸፈነ። ለካ የበጋው ሐሩር እንቅልፉን ያስጨርሰዋል፤ ከዚያ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲያገኝ ብድግ ይላል።

«ዘንድሮ ቀድመን አንዘራም» አለችው ወንድሟን። «ዝናቡ ይምጣና አረሙ ይብቀል። ያኔ አፈሩን ከስክሰን እንገለውና በላዩ ነባሩን እንዘራለን።»

«በረዶ ቢቀድመንስ?»

«ከቀደመን ለገና የሰፈሩን ሰው ሁሉ የበግ ወጥ ሠርቼ አበላለሁ።»

«ያንቺን ወጥ ከሚበሉስ ጾማቸውን ቢያድሩ ይሻላቸዋል!»

ዝናቡ ዘገየ። ማይቴ በየማለዳው ሰማዩን ታያለች። ሻቢየርም ማሾፉን ትቶ አብሯት ያንጋጥጥ ጀመር፤ እሷን ደግሞ ይሄ የባሰ አስፈራት። በጥቅምት ማብቂያ ግን ዘነበ፤ ሜዳው አረንጓዴ ለበሰ። ወንድምና እህት በትራክተሩ እየተፈራረቁ ሜዳውን ከሰከሱት፤ ዘሩንም በተኑ። ጨርሰው እንደገቡ በረዶ ወረደ።

በመጀመሪያው ዓመት የወጣው ነባር ሳር እንደ ጎረምሳ ጢም የሳሳ ነበር። አረሙም ጨርሶ አልጠፋ፤ አፈር ውስጥ የቀረ ፍሬ አይታጣም። ነገር ግን ዓመት በዓመት ነባሩ እየበረታ ሄደ። ዛሬ ሻቢየር ጎረቤቶቹን «ኧረ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ከእንቅልፉ ቀስቅሱት!» እያለ ይመክራል። ከማን እንደተማረው ግን አይናገርም። ማይቴ አጠገቡ ቆማ፣ የሱን ወሬ ትታ በጎቿ ነባሩን ሳር ሲግጡ ታያለች።