የጾም ቺፕስ

አክስቴ በጾም ቀልድ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት የወተት ጣዕም ያለው ብስኩት ስበላ ይዛኝ አርባ ስግደት አሰግዳኛለች። «ወተት እኮ የለበትም፣ ጣዕሙ ብቻ ነው» ለማለት አፍሬ ሰገድኩ።

እሷ ግን እዚሁ ከተማችን ካለው ታይዋን ገበያ ለዐረብ አገር የተሠራ ቺፕስ ገዝታ መጣች። ጽሑፉ በሙሉ ዐረብኛ ነው፤ ሥዕሉ ድንችና አረንጓዴ ቅጠል። «ቅጠል ካለበት የጾም ነው» ብላ ፈረደች። ዐረብ ለሁዳዴያችን ማሰቡም ደስ አላት። ትናንት የንስሐ አባታችን ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ሲመጡ በሳህን አቀረበችላቸው።

መድረሳ የተማረችው ጎረቤታችን ፋጡማ ፓኬቱን አንሥታ አነበበች።

«አቦ እትዬ፣ የበግ ጥብስ ጣዕም ነው እኮ የሚለው።»

አባ ማኘካቸውን አቆሙ። አክስቴ ግን ቶሎ ብላ፣ «ጣዕሙ ነው እንጂ በጉማ የለበትም» አለች።

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። «ታዲያ የኔ አርባ ስግደት?» አልኩ።

አባ በእጃቸው የያዙትን ወደ ሳህኑ መለሱ።

«ሃያ ሃያ እንካፈላለን፣ ወለተ ሥላሴ» አሏት አክስቴን። «እኔም ሁለቴ ዘግኛለሁ።»