ሎላ የወሰደው ልጅ

ያንን የተረት ልጅ የወሰደው ምን ነበር?  ልጄ በጠየቀኝ ቁጥር የምለው ይጠፋኛል።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከጉደር ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ባለው እርሻችን ነበር። አባቴና እናቴ ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ እቤት የምንናገረው አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛውን እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ነው የለቀምኩት፣ ያኔ ግን ገና ግማሹ አይገባኝም ነበር። አንድ ክረምት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ወንዙ ሞልቶ ወጣና ጤፋችንን ጠራርጎት ሄደ። ከሁለቱ በሬዎቻችንም አንዱን ወሰደ። ውሃው ሲጎድል ማሳው ላይ የቀረው አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው፣ ስቆምበት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይውጠኝ ነበር።

አባቴ ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ብዙ ካሰበ በኋላ «አሸዋውን አንስተን ጥቁሩን አፈር ካገኘነው ሽምብራ ይደርስልናል። እርጥበቱ ከደረቀ ግን እዚህ የሚያስቀምጠን ነገር የለም፣ አገር ለቀን እንሄዳለን» አለ።  እኔ ሌሊቱን ሙሉ ወዴት እንደምንሄድ ሳስብ አደርኩ።

ጎረቤታችን ኦቦ ፈይሳ የመጡት በማግስቱ ነው። የሳቸው እርሻ ዳገቱ ላይ ስለሆነ ጎርፍ አልነካውም። ማንም ሳይጠራቸው አንድ በሬያቸውን እየነዱ መጡና ከኛ ብቸኛ በሬ ጋር አቀናጇቸው። ከዚያ ትልቅ ደረቅ ቆዳ ከኋላቸው አሰሩባቸው። እኛ አሸዋውን በአካፋ ቆዳው ላይ እንጭናለን፣ በሬዎቹ ወንዙ ድረስ ይጎትቱታል፣ እዚያ ይደፋል። ኦቦ ፈይሳ ግን ከመድፋታቸው በፊት ሁልጊዜ እጃቸውን ከተው አሸዋውን ያገላብጡት ነበር።

እናቴ በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳን ቀልድ አታጣም። «ኦቦ ፈይሳ፣ አሸዋችንን ጨረሱብን እኮ! ደግሞ እየመረጡ ነው እንዴ የሚወስዱብን?» አለቻቸው።

«አዴ ብርቄ፣ ያንቺ መስሎሻል? የወንዙ ነው፤ ለባለቤቱ እየመለስኩ ነው» ብለው ሳቁ።

አባቴ ግን እናቴን ገላመጣት። የኦቦ ፈይሳ ትልቁ ልጅ ሚሊሺያ ተብሎ ከተወሰደ ወዲህ ወሬው መጥፋቱን እኔም ሰምቼ ነበር፤ የትልቅ ሰው ጉዳይ ስለሆነ ግን ልብ አላልኩትም።

ማታ ማታ ጎረቤት የላከልንን በቆሎ ቀቅለን እሳት ዳር እንቀመጣለን። የምናነደው ጎርፉ አምጥቶ የጣለውን ግንድ ስለነበር እርጥበቱ አልለቀቀውም፤ ከመንደድ ይልቅ ይጤሳል፣ ኩራዙም በጭሱ ውስጥ ሩቅ ይመስላል፣ የሁላችንም ዓይን ያነባል። ኦቦ ፈይሳ ተረቱን ያወሩልን እዚያ ነው፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን እየቀላቀሉ።

«አንድ ሰው ነበር፤ ልጁን ሎላ ወሰደበት» ብለው ጀመሩ።

እናቴን ጎነተልኳትና «ሎላ ምንድነው?» አልኳት።

«ጎርፍ ነው፤ ዝም ብለሽ ስሚ» አለችኝ።

ሰውየው ልጁን ፍለጋ ወጣ። መንገዱን ጠየቀው። መንገዱም «በኔ ላይ አልፏል፣ መጨረሻውን ግን አላየሁም» አለው። ወንዙን ጠየቀው። ወንዙም «በዚህ አገር የጠፋ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል፤ እኔም አንዱ ማሳ ላይ ጥዬው አልፋለሁ» አለው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው አሸዋ የበላውን እርሻ ሁሉ እየዞረ ያጸዳል፣ ሥሩን ያያል።

«አገኘው?» አልኳቸው።

ኦቦ ፈይሳ እሳቱን ቆሰቆሱት። «ኢንታላ ኮ፣ እርሻው ተዘራ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ልጁስ?»

«እርሻው ተዘራ አልኩሽ።»

ያኔ በጣም ተናደድኩ። ተረት እንደዚህ አያልቅማ!

በመስቀል ሰሞን ጥቁሩ አፈር ወጣ፣ እርጥበቱም ገና ነበር። ሽምብራውን ዘራን። ሲበቅል እናቴ ማሳው መሃል ቆማ እልል አለች፣ አገር መልቀቃችንም ቀረ። ኦቦ ፈይሳ ግን ቡቃያውን ለማየት አልቆዩም፤ ቆዳቸውን ጠቅልለው፣ በሬያቸውን ነድተው፣ ከኛ በታች ወዳለው ሰው እርሻ ወርደው ነበር።

አምቦ ከገባሁ በኋላ ነው አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ስንጠብቅ ይህን ተረት በኦሮምኛ አፏን ለፈታችው ለጎረቤቴ ለጫልቱ ያወራኋት። «ሎላ እኮ ጦርነት ነው!» አለችኝ።

«ጎርፍ ነው እንጂ!»

«ጎርፍም ነው። የቃሉን መጨረሻ ሳብ ካደረግሽው ጎርፍ፣ ቆረጥ ካደረግሽው ጦርነት» ብላ አማርኛ በለመደው አፌ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን ክው አልኩ። ኦቦ ፈይሳ ያን ማታ ሳብ አድርገውት ይሆን ቆርጠውት? ድምፃቸውን ላስታውስ ብል ጭሱ ብቻ ነው የሚመጣብኝ። እንዳልጠይቃቸው እሳቸው አርፈዋል፣ ልጃቸውም አልተመለሰም። አሁን ስጽፈው እንኳ ሁለቱንም በፊደላችን ሞከርኳቸው፤ ሎላ፣ ሎላ። አንድ ሆኑብኝ።

እናቴን ብጠይቃት «ጎርፍ ነው አልኩሽ እኮ» ብላ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። 

ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ይህን ተረት ካላወራሁለት አይተኛም። «ምን ወሰደው?» ይለኛል። ጎርፍ ያልኩት ቀን፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ፈርቶ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አደረ፤ እዚህም ወንዝ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ጦርነት እንዳልለው ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ስለሱ ነው የሚያወራው፣ የሰፈራችን ልጆችም እየሄዱ ነው፣ የኔም ወንድ ነው። ባለፈው ጨነቀኝና እንደ ኦቦ ፈይሳ «እርሻው ተዘራ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ልጁስ?» አለኝ።

ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ዛሬ ማታም ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?