ጋሪው ካለፈ በኋላ

ወንድሜ ከደጃችን አፈር ላይ በጣቱ ክቦች ይስል ነበር፤ አንዱን በሌላው ውስጥ። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ለዕረፍት ወደ ከተማችን ወደ ሆሳዕና መጥቶ ነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ።

"ይህ ዲስክ ነው" አለኝ። "ይሽከረከራል። የሚያነብና የሚጽፍ ክንድ አለው። ማሽኑ የሚዘገየው ሲያሰላ አይደለም፤ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ሲል ነው።"

"ለምን ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ጋሼ?"

"ቀድሞ የጠራውን ቀድሞ ስለሚያስተናግድ። አንዱ ከዳር ይጠራዋል፣ ሌላው ከመሐል። ማሽኑን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም ውስጥ ያንን ለወጥነው። አሁን በአንድ አቅጣጫ እየሄደ በመንገዱ ያለውን ሁሉ ይሠራል፤ ጫፍ ሲደርስ ይመለሳል።"

ጎረቤታችን ጋሪ ነጂው ፈረሱን እየፈታ ይሰማል። "ታዲያ ማሽንህ ከፈረሴ በምን ይሻላል?" አለ።

"ፈረስህ ምን አደረገ? አንተ ነህ እንጂ። ወፍጮ ቤት ሲጠሩህ ትሮጣለህ፤ ሳትደርስ ከገበያ ሲጠሩህ ትዞራለህ። በዚህ ነው የከሳው።"

"ደንበኛ እምቢ ይባላል እንዴ?"

"እምቢ አትበል። ስመለስ በል።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። "ክንዱ አሁን ያለፈው ቦታ ቢጠራስ?"

"እሱ ይጠብቃል" አለ ወንድሜ፣ አፈሩን ከጣቱ እያራገፈ። "ከሁሉም የሚቆየው እሱ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ሆዱን አመመው። ቀላል ነው አለ። ከቀትር በኋላ ግን መቀመጥም መተኛትም አቃተው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የገበያ ቀን ስለነበር በቃሬዛ የሚሸከም ወንድ ሰፈር ውስጥ አልነበረም። ወደ መንገዱ ሮጥኩ።

ጋሪው ገና አሁን አልፏል። ጀርባውን አየሁት። ተጣራሁ። ነጂው ዞር ብሎ እጁን አነሳ።

"ስመለስ!"

ለተራ ጉዞ የጠራሁት መስሎታል። ተከትዬው ሮጥኩ፤ የሌሊቱ ዝናብ ጭቃ ጣለኝ። ስነሳ ጋሪው ከጠመዝማዛው ጀርባ ገብቷል። ልከተለው? እናቴ ብቻዋን ናት። ተመለስኩ።

"ጋሪውስ?" አለኝ ወንድሜ።

"አልፏል። ሲመለስ ይወስደናል።"

"አሁን ነው ያለፈው?"

"አሁን።"

ዓይኑን ጨፈነ። ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር።

እናቴ በሀድይኛ ትጸልያለች። እኔ የፈረሱን ቃጭል አዳምጣለሁ። ነፋስ በእንሰቱ ቅጠል ሲያልፍ ቃጭል ይመስለኝና እወጣለሁ፤ መንገዱ ባዶ ነው። እንደገና እገባለሁ። እጁን ስይዘው ይቀዘቅዛል፤ ፍርሃቴ እንዳያስታውቅብኝ እያልኩ እለቀዋለሁ። ከዚያ መልቀቄ ያስፈራኛል፤ መልሼ እይዘዋለሁ። እንዲህ... ሌላ እንዴት እንደምናገረው አላውቅም።

ጋሪው መጣ። ነጂው ሲያየን ከመቀመጫው ዘሎ ወረደ፤ ወንድሜን አቅፎ ጋሪው ላይ አስተኛው። ክሊኒኩ ሳንደርስ፣ ከድልድዩ አጠገብ፣ ጭኔ ላይ ያለው የወንድሜ ራስ ከበደኝ። ክሊኒክ ስንደርስ አካሚው ድሬሰር የእጁን አንጓ ዳሰሰ። "ቀድማችሁ ብትመጡም ለዚህ እዚህ መሣሪያ የለንም" አለ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሲነጋ ነጂው ዓይኑ ቀልቶ መጣና ፈረሱን ጋሪው ላይ ጠመደ። ሆመቾ ላለችው አክስቴ መርዶ መነገር ነበረበት፤ አጠገቡ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱን እንዳለፍን ከኋላችን የሴት ድምፅ ተጣራ። ዞሬ አየሁ። የቆጮ ሸክም ያዘለች ሴት መንገዱ ዳር ቆማለች።

ነጂው ወደ ኋላ አልዞረም። ቀስ ብሎ፣ "ስመለስ ልበላት?" አለኝ።

ልጓሙን ከእጁ ወሰድኩና ፈረሱን ወደ ሴትዮዋ አዞርኩት።