ራጂያ ያልፈረመችበት ወረቀት

ራጂያ ቡሬ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የስንዴ እርጥበት የምትለካ ዝምተኛ ልጅ ናት። አምና ክረምት የመጋዘን ኃላፊው አቶ ዳኘው የሻገተ ስንዴ ከደህናው ጋር ሲያስቀላቅሉ አየች። ስሟን ሳትጽፍ ጥቆማ ጻፈችና የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ቤቷ ስትገባ ክው አለች። ከልጅነቷ እንደለመደችው ወረቀቱን የጀመረችው «ቢስሚላህ» ብላ ነበር። በፋብሪካው ያለችው ሙስሊም ደግሞ እሷ ብቻ ናት። አቶ ዳኘው ካዩት ከሥራዋ መነቀሏ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ያምሮት ሠራተኛውን ሰበሰቡ። መጋዘኑ መፈተሹን፣ የሻገተው ስንዴም ተገኝቶ መወገዱን ተናገሩ።

«ጠቋሚው ማን ነው? እንወቀውና እናመስግነው እንጂ!» አሉ አቶ ዳኘው እየሳቁ።

«ስንዴው ሻግቷል ወይ ብለን ነው የመረመርን። ማን አየው አላልንም» አሉ ወይዘሮ ያምሮት።

«ጽሕፈቱን እንኳ ብናይ…»

«ዋናውን ቆልፌበታለሁ። ለመርማሪዎቹ የሰጠሁት በእጄ የገለበጥሁትን ነው። የኔን ጽሕፈት ደግሞ ያውቁታል፣ ጋሼ ዳኘው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ያምሮት ቅጂውን አነበቡት፤ «መጋዘን ሁለት ውስጥ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ምንም የለም።

ራጂያ ትንፋሿ ተመለሰ። ስትወጣ የጓደኛዋን የአደይን ክንድ ያዘች።

«አንቺ፣ ምሳ ልጋብዝሽ።»

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ምንም። ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም፤ አሁን ገና ራበኝ።»