ከኪሱ ስር

ሴትየዋ ሐሙስ ሐሙስ ልብስ ሰፊው ሱቅ ስትመጣ ከሰላምታዋ እጇ ይቀድማል። የቁርጥራጭ ጨርቁን ቅርጫት የምትበረብረው ዓይኗን ጨፍና ነው። ለስላሳውን ሐር ወዲያ ትወረውርና ሻካራ የጆንያ ቁራጭ ስታገኝ ከረሜላ እንደሰጡት ሕፃን ፊቷ ይበራል።

«እትዬ፣ ጣትዎን ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» ይላታል።

«ዛሬ ቢጫ ነኝ። ትናንት ብታየኝ ሐምራዊ ነበርኩ።»

ጨርቁን ቀለም ቀብታ ወረቀት ላይ እንደምታትመው፣ ሲደርቅ ሌላ ቀለም፣ በላዩ ዳንቴል፣ በዚያም ላይ የጋዜጣ ቅዳጅ እንደምትደርብ ነግራዋለች።

«ታዲያ የታችኛው አይጠፋም?»

«ይደበቃል እንጂ የት ይሄዳል!» ብላ ጠቀሰችው።

ባለፈው ሐሙስ ግን ከዘንቢሏ ያረጀ የወንድ ሸሚዝ አወጣች።

«አንተ ልጅ፣ ኪሱን ፍታልኝ» አለችው፣ ፀጉሩ ገብስማ መሆኑን እያየች።

«የባለቤትዎ ነው?»

«የሱ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ይህን አመድ የመሰለ ሸሚዝ አልጥልም ብሎ ስንቴ ተኳርፈናል! አሁን ግን ላትመው ነው።»

ልብስ ሰፊው ስፌቱን በጥንቃቄ ፈትቶ ኪሱን አነሳ። ፀሐይና ሳሙና ያልደረሰበት ቦታ ላይ ለምለም አረንጓዴ ቀለም ቁጭ ብሏል።

ሴትየዋ ያን ዕለትም ቢጫ በሆነው ጣቷ ዳበሰችው።

«አንተ ተንኮለኛ!» አለችው ሸሚዙን። «ይህን ሁሉ ዘመን ደብቀኸኝ!» እየሳቀች ዓይኗን ስትጠርግ ጉንጯ ቢጫ ሆነ።

እሷ ከወጣች በኋላ ልብስ ሰፊው ግራ ቀኙን አየና የገዛ ኮቱን የኪስ ክዳን ቀስ ብሎ ገለጠ።