የአነፍናፊዋ ነጭ ጨርቅ

«አነፍናፊ» የሚለውን ስም ያወጡላት ከመንገዱ ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ለቀልድ። ስም ወጥቶልኛል ብላ ያኮረፈችው ግን ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ መተዳደሪያዋ ሆነ። ከእናት የተወረሰ፣ ጓዳ ተወርውሮ ሃያ ዓመት የከረመ የስፌት መኪና ያለው ሰው ሳጥኑን ሲከፍት የሻጋታው ሽታ ፊቱን ከመታው፣ መፍትሔው ያው አንድ ነው፤ አነፍናፊ ጋ ውሰደው ይባላል።

ሥራዋን ቁጭ ብሎ ላየ ደስ ይላል። መኪናውን ከሳጥኑ ታወጣለች። ከሥሩ ተለጥፎ ለዓመታት የተንጠባጠበ ዘይት ሲጠጣ የኖረውን ወፍራም ጨርቅ በቢላ ፍቃ ትጥለዋለች፤ ግማሹ ክርፋት እሱ ጋ ነው። ብረቱን በላምባ ትወለውላለች። ጣጣው ሳጥኑ ነው። ከውጭ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብለጨልጫል፤ ከውስጥ ግን ባዶ እንጨት ነው፣ ባዶ እንጨት ደግሞ የጠጣውን ቶሎ አይለቅም። በኮምጣጤ ታብሰዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከሰል በሳህን አድርጋ ትዘጋበታለች። መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። አንድ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከመሳቢያዋ አውጥታ ሳጥኑ ውስጥ ታስቀምጥና ሦስት ቀን ትቆልፍበታለች። በሦስተኛው ቀን ጨርቁን መጀመሪያ ራሷ ታሸትታለች፤ ቀጥሎ ለአባቷ ትሰጣለች። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፍንጫቸውን ጨርቁ ውስጥ ቀብረው ቆይተው «ምንም» ካሉ ሥራው አለቀ። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት መኪና ሲጠግኑ ኖረው ሙያውን ያስተማሯትም እሳቸው።

የሚሠሩትም የሚኖሩትም አንድ ቤት ውስጥ ነው። ከመንገዱ ሰባት ደረጃ ወርደው ይገቡታል። ያለችው አንዲት መስኮት ከጣሪያው ሥር ስለሆነች፣ በእሷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። አነፍናፊ የሰፈሩን ሰው በጫማው ታውቀዋለች፤ ማን ተረከዙ እንደተበላ፣ ማን አዲስ እንደገዛ፣ ማን ከማን ጋር መሄድ እንደጀመረ። እሷ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ እግራቸው ከከዳቸው ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ደረጃ ወጥተው አያውቁም። እሷም ብትሆን ልብስ ሰፊዎቹን አደራ ካላለች ከእሳቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አትርቅም። መድኃኒቱ አለ፣ ሽንት ቤቱ አለ፣ ደግሞም ሲጠሯት ከሌለች ይደነግጣሉ። ይወዷታል፤ ችግሩም እሱ ነው።

«አባባ፣ አክስቴ ባዶውን ክፍል እንካችሁ ብላለች እኮ» ትላቸዋለች በየጊዜው። አክስቷ የአባቷ ታናሽ እህት ናት። «ፀሐይ ይገባዋል። ሊፍት አለው። እኔ ሥራ ስውል እሷ አጠገብዎ ትሆናለች።»

«እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው።»

«እንዴ አባባ!»

«በቃሬዛ አልኩሽ። እናትሽ የሞተችው እዚህ ነው፣ እኔም እዚሁ።» ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን የስፌት ትምህርት ቤት ኃላፊዋ ሳጥን አስይዘው ደረጃውን ወረዱ። ከተዘጋ ፋብሪካ አሥራ አራት አሮጌ መኪኖች ተሰጥቷቸዋል፤ ሁሉም ሻግተዋል።

«ይቺን አንዷን ለሙከራ ሥሪልኝ» አሉ። «ከተዋጣልሽ የቀሩትን እዚያው እኛ ጋ እየዋልሽ ትሠሪያቸዋለሽ። ከዚያ በኋላም ጥገና የሚያስተምርልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በሁለት በኩል መስኮት አለው።»

ከዚህ ሁሉ አነፍናፊ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው በሁለት በኩል ያለው መስኮት ነው። የዚያን ቀን መርፌ የጣለችበት ጠፋት። ሥራውን ካገኘች ቀኑን ሙሉ ትውላለች፤ ቀኑን ሙሉ ከዋለች አባቷ የግዳቸውን አክስቷ ጋ ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት በልመና ያልሆነው በዚህ ይሆናል ብላ ልቧ ተሰቀለ።

ሦስት ሳምንት ለፋችበት። ጠዋት ሳጥኑን ተሸክማ ደረጃውን ትወጣና መንገዱ ዳር ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ አመሻሽ ላይ እግር እንዳያወጣ መልሳ ታስገባዋለች። ከሰሉን ሦስቴ ቀየረችለት። ነጩን ጨርቅ አስገብታ ቆለፈች፣ በሦስተኛው ቀን አውጥታ አሸተተች። ምንም የለም። ለአባቷ ሰጠች።

«ምንም» አሉ ጨርቁን እየመለሱ። «እንደ ውሃ። አንቺ እኮ ከእኔም በለጥሽ!»

ትምህርት ቤቱ ስታደርሰው ኃላፊዋ ሳጥኑን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ። አሁንም አለ።»

ከጎን ካለው ክፍል አንዲት መምህርት ተጠራች። መምህርቷ ስለምን እንደሆነ ሳይነገራት፣ ገና ሳጥኑ ላይ እንዳጎነበሰች እጇን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «ውኃ የገባበት ቤት ነው የሚሸተው» አለች። አነፍናፊ ራሷ ፊቷን ሳጥኑ ውስጥ ነከረች። ኮምጣጤ፣ ትንሽ ከሰል። ሌላ ምንም። ሁለቱ ሴቶች እየቀለዱባት መሰላት።

መምህርቷ ስትወጣ ኃላፊዋ በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይክፋሽና፣ ሹራብሽም እንደዚያው ነው የሚሸተው። ፀጉርሽም። የእጅሽ ሥራ ምንም አልጎደለውም፣ ብረቱን አይቼዋለሁ። ቤቱ ነው። ሳጥኑን እዚህ ተይው፤ ሰኞ ነይና እዚሁ ጨርሽው። የምትችይ ከሆነ ብቻ።»

ክው አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍንጫ ግን ይብሳል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው አጠገብ መቀመጥ ስላፈረች ንፋሱን እየተቀበለች በእግሯ ተመለሰች፤ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ሰባቱን ደረጃ ወርዳ በሩን ከፈተች።

መጣባት። የራሰ ወረቀት፣ የበሰበሰ ግድግዳ፣ የቆየ ዘይት፣ ሁሉም ተጋግሮ። ሁለተኛ ስትተነፍስ ቀነሰ። ሦስተኛ ላይ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። በአራተኛው ጠፋ። ተመልሳ ወጥታ ሰፈሩን ዞራ መጣች፤ እንደገና እዚያው በሩ ላይ ጠበቃት፣ እንደገና በአራተኛው ጠፋ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሷ ነበር። ፀሐይ ያወጣውን ቤቱ ማታ ማታ መልሶ ሲያስገባው ከርሟል። ነጩ ጨርቅ ራሱ ከዚሁ ቤት መሳቢያ ነው የሚወጣው። ፈታኞቹም ያው የዚሁ ቤት ሁለት አፍንጫዎች ናቸው። «ምንም የለውም» ብላ የመለሰቻቸውን ደንበኞች አንድ በአንድ አሰበቻቸውና ፊቷ በእፍረት ነደደ።

«ማነው በር ከፍቶ የቆመው?» አሉ አባቷ ከውስጥ። «ዝጊው እንጂ፣ ብርድ ገደለኝ!»

ቢነግሯቸው አያምኑም። እንጨት ቢሆን የሚደረገውን ግን ታውቃለች፤ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ልብስ ሰፊዎች ከማዶ መጡ። አስቀድማ ለምናቸው ነበር። ባለ እግሩ መኪናችን ክር ይበጥሳል፣ ሦስት ጠጋኝ አቅቶታል፣ ከባድ ስለሆነ ልናመጣልዎት አልቻልንም አሉ።

«ሦስት ጠጋኝ!» አሉ አባቷ። «ምን ጠጋኝ አለ ዛሬ? አንሱኝ!»

ከነወንበራቸው አንስተው አወጧቸው። በሦስት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። የልብስ ሰፊዎቹ በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጠው መኪናውን እንደ ዶሮ በለቱት። ያልታመመ መኪና መሆኑን አላወቁም፤ ወይም አውቀው ዝም አሉ። ያለፈ ያገደመውን ሰው ሁሉ ፊቱን እያዩ ሰላም አሉት፣ አንዱን «አንተማ አርጅተሃል!» ብለው አስቁት። እሷ ማዶ ቆማ አየቻቸው። እንዲህ ሲስቁ ያየቻቸው መቼ እንደነበር ማስታወስ አቃታት። እስከ እኩለ ቀን ቆዩ።

ሲመለሱ እሷ ቀድማ ወርዳ በሩን ከፈተችና ጎን ቆመች። ወንበሩ ደፉ ላይ ሲደርስ አባቷ እጃቸውን አነሡ።

«ቁሙ። ምንድነው ይሄ?»

አንገታቸውን አስግገው እንደገና አሸተቱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እናትሽ» አሉ። «እናትሽ ሁልጊዜ ትለኝ ነበር። ይሄ ቤት ይሸታል፣ እንውጣ፣ ደረቴን አመመኝ ስትለኝ፣ አፍንጫሽ ሞልቃቃ ነው እላት ነበር። እስክትሞት ድረስ።»

ይህን እሷም አታውቅም ነበር። እንባዋ መጣ፤ ግን የመጣችበትን ነገር አልለቀቀችም።

«እንግዲህ አክስቴ ጋ እንሂድ፣ አባባ። ዛሬውኑ። ልብስዎን እኔ አወጣለሁ። ሰኞ ትምህርት ቤቱ ይጠብቀኛል።»

ልብስ ሰፊዎቹ ወንበሩን እንደያዙ ቆመዋል፤ እጃቸው መዛል ጀምሯል። አባቷ ወደ ላይ ደረጃውን አዩ። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ወደ አልጋቸው፣ ወደ መሣሪያ ሰሌዳቸው፣ ወደ መስኮቷ።

«አስገቡኝ» አሉ። «በረደኝ።»

ቦታቸው ላይ አስቀምጠዋቸው ሰዎቹ ወጡ። እሷ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። አባቷ በረዥሙ ተነፈሱ። ደገሙ። ሠለሱ። አራተኛው ላይ ትከሻቸው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ፊታቸውም ፈታ አለ።

«አየሽ?» አሉ ደስ ብሏቸው። «ጠፋ እኮ። በይ በሩን ዝጊው።»

አየሩን ወደ ውስጧ ሳበች። እውነታቸውን ነው። ጠፍቶ ነበር።