ሽቶዬና የባሌ ቁስል

በደርግ ጊዜ ነው። የምድር ባቡር ሠራተኛው ባሌ ትርፍ አንጀት ሆኖበት እዚሁ ድሬዳዋ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ተረፈልን ብለን ተመስገን ባልን በጥቂት ቀናት ውስጥ ስፌቱ ቀላ፣ አበጠ፣ ከዚያም መግል ያወጣ ጀመር።

አማቴ ጥፋተኛዋን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ቁስል ሽታ አይወድም! ሽቶሽ ነው የመታው፤ ልጄን ልትገድይብኝ ነው!» አሉኝ፣ በሽተኛው ሁሉ እየሰማ።

እውነት ነው፣ ሽቶ ነፍሴ ነው። ከጅቡቲ በባቡር ተሸሽጎ የሚገባውን ቀፊራ ገበያ ሄጄ እገዛ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ተውኩት። አማቴም ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ቋጥረው አፍንጫው ሥር አኖሩለት። ቁስሉ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ቁስሉን የምታጥበውን ነርስ ጠየቅኋት።

«ሽቶ ምን ያደርጋል፣ እህቴ?» አለች ድክም ብሏት። «ውሃው ይጠፋል፣ ሳሙናው በራሽን ነው። ቁስለኛ ወታደር በዝቶ አልጋ ለአልጋ ተጣብቀናል። መሣሪያው በቅጡ ሳይቀቀል ሌላ ሰው ይደርሳል። እዚህ ስንቱ ስፌት እንደሚያመረቅዝ ብታይ!»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ታዲያ ከባሌ ጎን የተኙት፣ ከሐርላ መንደር የመጡት ሽማግሌስ? ከእሱ ጋር በአንድ ቀን የተቀደዱ ናቸው፤ ጫታቸውን በሽርጣቸው ሸሽገው ሲቅሙ ይውላሉ፤ ስፌታቸው ግን ደርቋል።

«ረቢቱ ቤካ! እሱ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው» አሉኝ ሽማግሌው ስጠይቃቸው። «አንዱ ገላ ይሽራል፣ አንዱ እምቢ ይላል፣ አቦ።»

ነርሷ ያለችውን ሳምን፣ አማቴ አህያውን ፈርተው ዳውላውን እየመቱ ነው ብዬ እበሽቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ደግሞ፣ እውነት እኔ ብሆንስ? እላለሁ። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ።

አንድ ቀን የባሌን ትራስ ላስተካክል ጎንበስ ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አትጠጊኝ፣ እሸታለሁ።»

«ማን አለህ?»

«አፍንጫ የለኝም እንዴ? ነገ ሽቶሽን ተቀብተሽ ነይ። የራሴን ሽታ ሳሸት ከምውል ያንቺ ይግደለኝ።»

በማግስቱ ሽቶዬን ተቀብቼ ሄድኩ። ገና ስጠጋው ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን በረጅሙ ሳበ። አማቴ ጤና አዳማቸውን ይበልጥ አስጠጉለት።

ቁስሉ ቆይቶ ደረቀ። ነርሷ የተወጋው መርፌ ነው አለች፣ አማቴ ጤና አዳሙ። እኔ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ቢላ ጣቱን ትንሽ በቆረጠው ቁጥር ሽቶዬን እደብቃለሁ። እሱ ደግሞ ጣቱን እንደጠቀለለ ቤቱን በርብሮ ያመጣልኛል።